ሁሉ አማረሽና የከተማ ፕላን ክፍል

«ሁሉ አማረሽን ገበያ አታውጧት» ይላል የአገራችን ሰው። በመቀነቷ የቋጠረችው ገንዘብ ለጨውና ለበርበሬ ብቻ የሚበቃ ሴት ሻሹንም ሽቶውንም ዶቃውንም ስታነሣና ስትጥል ትውልና፣ ጀንበር ሲያዘቀዝቅ ጨው ሳትገዛ ወደ ቤቷ ትመለሳለች። ልጆቿም ወጡን ያለ ጨው ይበላሉ። ተረቱ ስለ ገበያ ይነገር እንጂ፣ እኔ ይህን ጽሑፍ የጻፍኩት ስለ ከተማ ፕላን ነው።

ባለፈው ክረምት ለሥራ ልምምድ ወደ አንድ ከተማ ማዘጋጃ ቤት ተመድቤ ነበር። የከተማውን ስም አልጠቅስም፤ ነገሩ የአንድ ከተማ ብቻ አይደለምና። የፕላን ክፍሉ ሠራተኞች ሦስት ናቸው፤ አንድ ኃላፊ፣ አንድ ቀያሽና አንዲት ነዳፊ። ሦስቱም ትጉሆች ናቸው፤ ማልደው ገብተው አምሽተው ይወጣሉ። በጠረጴዛቸው ላይ የሚከመረው ግን የሠላሳ ሰው ሥራ ነው። የግንባታ ፈቃድ የሚጠይቅ አለ፤ ወሰኔን ተገፋሁ የሚል አለ፤ ለሊዝ ጨረታ ቦታ ይሸንሸን የሚል ደብዳቤ አለ፤ ለባለሀብት መሬት ይፈለግ የሚል ትእዛዝ አለ፤ በሌሊት የበቀሉ የጨረቃ ቤቶች ይቆጠሩ የሚል አለ፤ የሳምንት፣ የወርና የሩብ ዓመት ሪፖርት አለ፤ ዘመኑ ያለፈበት የከተማው ፕላን ይከለስ የሚልም አለ። በደብዳቤዎቹ ሁሉ ራስጌ ላይ «በአስቸኳይ» የሚል ቃል ሰፍሯል። ሁሉ ነገር አስቸኳይ በሆነበት መሥሪያ ቤት ደግሞ አስቸኳይ የሚባል ነገር የለም፤ ያለው ድምፁ የጎላ ሰው ብቻ ነው።

አንድ ቀን አንዲት እናት መጡ። ነጠላቸውን አጣፍተው በር ላይ ቆመው ተራቸውን ከጠበቁ በኋላ ቀያሹን እንዲህ አሉት፤ «ልጄ፣ አንድ ደላላ ከፈፋው አጠገብ ቦታ አገኝልሻለሁ ብሎኛል። ውሃው እዚያ ድረስ ይወጣል ወይስ አይወጣም? እናንተ የተማራችሁት ታውቃላችሁ ብዬ ነው።» ቀያሹም «እማማ፣ ከከተማ ውጭ የሚመጣ እንግዳ አለብን፤ እሱ ከሄደ በኋላ መጥቼ አይልዎታለሁ» አላቸው። እውነቱን ነበር። በዚያ ሰሞን ሦስቱም ሠራተኞች፣ እኔም ጭምር፣ ለእንግዳው የሚታይ ባለቀለም ትልቅ ካርታ በማዘጋጀት ሁለት ሳምንት ሙሉ ተጠምደን ነበር። እንግዳው መጣ፤ ካርታውን ለጥቂት ደቂቃ አየ፤ አመስግኖም ሄደ። በጳጉሜን ወደ ፈፋው ስወርድ ግን የእማማ ቤት ማገሩ ተማግሮ ቆርቆሮው ተመትቶ አገኘሁት። በዙሪያቸውም ሌሎች ብዙ ቤቶች ተሠርተዋል።

ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ ጥያቄ ከአእምሮዬ አልወጣም። ከካርታውና ከፈፋው የትኛው ነበር የፕላን ክፍሉ ሥራ?

መልሴን አስቀድሜ ልናገር። ጥቂት ሠራተኛ ያለው የፕላን ክፍል ከሁሉ አስቀድሞ መሥራት የሚገባው፣ ዛሬ ሳይሠራ ቢቀር ነገ ሊታረም የማይችለውን ሥራ ነው። የቀረው ሁሉ፣ ምንም ያህል ቢያምርና ምንም ያህል ታላቅ ሰው ቢያዘው፣ ተራውን መጠበቅ አለበት። ይህም ተራ በኃላፊው ልብ ውስጥ ተደብቆ የሚቀመጥ ሳይሆን፣ ሕዝብ እንዲያየው ተጽፎ በማዘጋጃ ቤቱ በር ላይ የሚለጠፍ መሆን ይኖርበታል።

ነገሩ የቃላት ጨዋታ እንዳይመስል ድሬዳዋን እናስታውስ። ደቻቱ ዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ውሃ የማይታይበት የአሸዋ ወንዝ ነው። ከዚራን ከመጋላ ይለያል። ደረቅ ስለ ሆነም ሰው ይሻገርበታል፤ ይነግድበታል፤ ድኻውም በዳርቻው ጎጆ ይቀልስበታል። ውሃው የሚመጣው ግን በከተማው ላይ ከጣለው ዝናብ ብቻ ሳይሆን፣ ከበላይ ካለው የሐረርጌ ደጋ ነው። በከተማው ሰማይ ላይ ደመና ሳይታይ ጎርፍ ሊደርስ ይችላል ማለት ነው። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ ወር መጨረሻ ላይ ሰው በተኛበት ሌሊት ደቻቱ ሞልቶ ወረደ፤ ከ200 በላይ ሰዎችም ሞቱ። ደቻቱ ከዚያም በፊት ሞልቶ ያውቃል። የውሃው መንገድ የት እንደ ሆነ ለማወቅ ከባሕር ማዶ የመጣ ሊቅ አያስፈልግም ነበር፤ የሰፈሩ ሽማግሌዎች ያውቁት ነበር። የጎደለው መስመሩን አስምሮ፣ ችካሉን ተክሎ፣ «ከዚህ ወዲያ ቤት አይሠራም፤ እናንተም ደኅና ቦታ ይሰጣችኋል» ብሎ በጊዜው የሚናገር ሥልጣን ያለው ሰው ነው።

አዲስ አበባም ከዚህ አላመለጠችም። «ቆሼ» የምንለው የረጲ የቆሻሻ መጣያ ሥራ የጀመረው በ1950ዎቹ ነው። በዚያን ዘመን ቦታው ከከተማው ዳር ነበር። ከተማው ግን አደገ፤ ቤቶቹ ወደ ቆሻሻው ተራራ ተጠጉ፤ አንዳንዶቹም ከራሱ ላይ ወጡ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ተራራው ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎችን ቀበረ። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ሌላ ነገር አለ። ከአደጋው በፊት በነበረው ዓመት በሰንዳፋ አዲስ የቆሻሻ መጣያ ተከፍቶ ነበር፤ ነገር ግን የአካባቢው ገበሬዎች ከብታችንና ውሃችን ተበከለ ብለው ስለ ተቃወሙ በጥቂት ወራት ውስጥ ተዘጋና፣ ቆሻሻው ወደ ረጲ ተመለሰ። ካርታ ነበረ፤ ገንዘብም ወጥቷል። ሳይሠራ የቀረው ከጎረቤት ጋር መስማማት ነው። ስለዚህ ሕዝብን ማነጋገር ፕላን ካለቀ በኋላ የሚጨመር ጌጥ አይደለም፤ ካልተሠራ የማይታረም ከሚባለው ሥራ አንዱና ዋናው ነው። ይህንኑ በ2006 ዓ.ም. አዲስ አበባንና በዙሪያዋ ያለውን የኦሮሚያ ልዩ ዞን ያጣምራል የተባለው ፕላን ይፋ በሆነ ጊዜ አይተናል። መሬቱ የሚነካበት ገበሬ በጊዜው አልተጠየቀም፤ ተቃውሞ ተነሣ፤ እንደኛው ተማሪዎች የሆኑ ወጣቶችም ጭምር ሕይወታቸውን አጡ። ፕላኑም በጥር 2008 ዓ.ም. ተተወ። የዓመታት የባለሙያ ድካም ባዶ ቀረ፤ የጠፋው ሕይወት ግን አይመለስም።

አንዳንድ ሰው «ችግራችን ፕላን ማጣት ነው፤ አንድ የተሟላ ማስተር ፕላን ቢወጣልን ሁሉ ይስተካከል ነበር» ይላል። የአዲስ አበባ ታሪክ ግን ይህን አያሳይም። በ1879 ዓ.ም. የተቆረቆረችው ከተማ በመጀመሪያ ያደገችው በመኳንንቱ ግቢ ዙሪያ በተሠሩ ሰፈሮች ነው። ከዚያ በኋላ ግን ፕላን አጥታ አታውቅም። በወረራው ዘመን ጣሊያኖች ጥቁርንና ነጭን የሚለያይ ፕላን አወጡ። ከነጻነት በኋላ፣ የለንደንን ፕላን ያወጡት እንግሊዛዊው ሰር ፓትሪክ አበርክሮምቢ እ.ኤ.አ. በ1946 የቀለበትና የጨረር መንገዶች ያሉት ፕላን አቀረቡ። ቦልተን ሄነሲ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1959፣ ፈረንሳዊው ደ ማሪያን በ1965 የየራሳቸውን አከሉ። በደርግ ዘመን በመጀመሪያ የሀንጋሪው ፖሎኒ፣ ቀጥሎም ኢትዮጵያውያንና ጣሊያኖች በአንድነት ሠሩ። በ1990ዎቹ ደግሞ የራሳችን ባለሙያዎች የተሳተፉበት ሌላ ፕላን ወጣ፤ በ2009 ዓ.ም. ለ10 ዓመት የሚያገለግለው መዋቅራዊ ፕላን ተከተለ። እንግዲህ ወረቀት አልጎደለንም። የጎደለው በወረቀቱ ላይ ከተጻፈው ውስጥ የትኛው በዚህ ዓመት፣ በእነዚህ ሰዎች፣ በዚህ ገንዘብ መሬት ላይ ይውረድ የሚለው ውሳኔ ነው። አበርክሮምቢ ያሰቡት ዓይነት የቀለበት መንገድ በአዲስ አበባ የተሠራው ከግማሽ ምዕት ዓመት በኋላ መሆኑን ልብ በሉ።

ከእነዚያ ፕላኖች ሁሉ ሳይፋቅ የቀረው ምንድን ነው? የሕንጻው ቅርጽ አይደለም፤ ቀለሙም አይደለም። የቀረው የቦታ ምርጫና የመንገድ መስመር ነው። ጣሊያን በአምስት ዓመት ቆይታው ከአራዳ ጊዮርጊስ አንሥቶ ወደ ምዕራብ ያዛወረው ገበያ ዛሬም መርካቶ ተብሎ እዚያው አለ። ሐሳቡ ክፉ ነበር፤ የአገሬውን ሰው ከነጩ ሰፈር ለማራቅ የተደረገ ነው። ክፉውን ያሰበው መንግሥት በአምስት ዓመቱ ተባረረ፤ የገበያው ቦታ ግን ከሰማንያ ዓመት በላይ ኖረ። ከዚህ የምንማረው፣ በከተማ ሥራ ውስጥ ቤት ይፈርሳል፣ ቀለም ይለወጣል፣ ሹም ይሻራል፤ የመሬት ውሳኔ ግን ትውልድ ይሻገራል።

እንግዲህ ኃላፊው ጠዋት ቢሮው ገብቶ የተከመረውን ደብዳቤ ሲያይ፣ እያንዳንዱን በሦስት ጥያቄ እንዲመዝነው እመክራለሁ። አንደኛ፣ ይህ ሥራ ቢዘገይ ሰው ይሞታልን? ሁለተኛ፣ ዛሬ ካልተሠራ ነገ በገንዘብ ወይም በጉልበት ሊታረም ይችላልን? ሦስተኛ፣ ከእኛ በቀር ሌላ ሊሠራው የሚችል አካል አለን? የመጀመሪያው መልስ «ይሞታል»፣ የሁለተኛው «አይታረምም»፣ የሦስተኛው «የለም» የሆነበት ሥራ ከክምሩ አናት ይቀመጥ።

በዚህ ሚዛን ከተመዘነ የመጀመሪያው ሥራ የወንዝ፣ የፈፋና የገደል ዳርቻ ነው። ለዚህ ሥራ የከተማው ሙሉ ካርታ እስኪያልቅ መጠበቅ አያስፈልግም። ቀያሹ ከሰፈር ሽማግሌዎች ጋር በእግሩ ሄዶ ውሃው የደረሰበትን ይጠይቅ፤ መስመሩን ያስምር፤ ችካል ይትከል፤ ለቀበሌው ያስረክብ። እዚህ ላይ ግን ስሕተት እንዳይደረግ። ዳርቻውን እንጠብቅ ማለት እዚያ የሰፈረውን ድኻ በዶዘር እንግፋው ማለት አይደለም። አስቀድሞ የሰፈረው ሰው ከእንጀራው ሳይርቅ ሌላ ቦታ ሳይሰጠው ቢነሣ፣ በሌሊት ተመልሶ ከዚያው ወይም ከባሰው ፈፋ ይሰፍራል። ችካል የሚተከለው በዋናነት ገና ቤት ላልተሠራበት ዳርቻ ነው። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚባለው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ሥራ ከተማው ነገ ወደሚያድግበት ወገን የዋና ዋና መንገዶችን መስመር አስቀድሞ መያዝ ነው። ይህ በአገራችን የተሞከረ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ባሕር ዳር፣ አዳማ፣ ሐዋሳና መቀሌ ከኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች ጋር ሆነው የማስፋፊያ ፕላን ሠርተዋል። ሐሳቡ ቀላል ነው። ከተማው በሚቀጥሉት አሥርት ዓመታት የሚፈልገው መሬት ይገመታል፤ በዚያም ላይ ወደ 30 ሜትር ስፋት ያላቸው መንገዶች አንዱ ከሌላው በአንድ ኪሎ ሜትር ያህል ተራርቀው ይሰመራሉ፤ ሊነካ የማይገባው መሬትም ይለያል። አስፋልት ወዲያው አይፈስስም፤ ቤትም አይነደፍም። የሚጠበቀው መስመሩ ብቻ ነው። በአንድ ኪሎ ሜትር ርቀት የተሰመረ መንገድ ካለ፣ ነገ የሚሠራው ሰፈር ሁሉ ወደ አውቶቡስ በእግር ይደርሳል፤ የውሃውና የፍሳሹ ቧንቧም መተላለፊያ ያገኛል። መስመሩ ካልተያዘ ግን ቤቱ ከተሠራ በኋላ መንገድ ማውጣት ማለት ማፍረስ፣ ካሣ መክፈልና ማልቀስ ነው። የከተማ መሬት በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የመንግሥት ከሆነ ወዲህ፣ ማዘጋጃ ቤቶቻችን «መሬቱ የሰው ርስት ስለ ሆነ መስመር መያዝ አልቻልንም» ብለው ሊያመካኙ አይችሉም። ከዳር ያለው ገበሬ ግን ስለ ይዞታው አስቀድሞ መጠየቅና በቂ ካሣ ማግኘት መብቱ ነው።

ይህ ሥራ በጥቂት ሰው እንደሚሠራ የሚያስረዳ አንድ የሩቅ ምሳሌ ልጨምር። ኒው ዮርክ ገና በማንሃተን ደሴት ጫፍ ተወስና ሳለች፣ ሦስት ሰዎች ያሉበት ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1811 ደሴቲቱን እስከ 155ኛው ጎዳና ድረስ አሰመረ። ከዚያ በኋላ ጆን ራንደል የተባለ ወጣት ቀያሽ ከረዳቶቹ ጋር በየመንገዱ መገናኛ የእብነ በረድ ምልክትና የብረት ካስማ ሲተክል ዓመታት ፈጀ። ቤት አልነደፉም፤ የፎቅ ቁጥር አልወሰኑም። ከተማው በዚያ መስመር ላይ እስከ ዛሬ ይኖራል። የዘነጉትም ነገር ያስተምራል። በቂ መናፈሻ አልተዉም ነበር፤ ስለዚህ በ1850ዎቹ ሴንትራል ፓርክን ለመሥራት መሬት በውድ ዋጋ መግዛት፣ አብዛኞቹ ጥቁሮች የነበሩበትን ሴኔካ ቪሌጅ የተባለውን መንደርም ማንሣት ግድ ሆነ። የተሰመረው ኖረ፤ የተዘነጋው ግን ዋጋ አስከፈለ፤ የከፈለውም ድኻው ነው።

ሦስተኛው ሥራ ለትምህርት ቤት፣ ለጤና ጣቢያ፣ ለገበያ፣ ለመቃብርና ለቆሻሻ የሚሆን ቦታ አስቀድሞ ማስቀመጥ ነው። ከዚህ ቀጥሎ የዕለቱ አገልግሎት፣ ማለት የግንባታ ፈቃድና የወሰን ክርክር ይመጣል። በመጨረሻም የዋናው ጎዳና ማስዋብ፣ ባለቀለም ሰሌዳና ለእንግዳ የሚታየው ካርታ ይከተላሉ። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባ ተጀምሮ ወደ ሌሎች ከተሞች የተዛመተው የኮሪደር ልማት የእግር መንገድንና መብራትን ማምጣቱን አልቃወምም፤ እኔም በእግሬ የምሄድ ተማሪ ነኝ። ነገር ግን ሦስት ሠራተኛ ያለው ከተማ ሦስቱንም በዋናው ጎዳና ላይ አሰልፎ ፈፋውን ለደላላ ቢተው፣ ይህ ልማት ሳይሆን ፊትን ታጥቦ እግርን ቁስል ላይ መተው ነው። የእግረኛ መንገድ በሚቀጥለው ዓመት ሊሠራ ይችላል። ቤት የሞላበት የጎርፍ መንገድ ግን በሚቀጥለው ዓመት ባዶ አይሆንም።

ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ። የመጀመሪያው «መፍትሔው ሠራተኛ መጨመር ነው» የሚል ነው። እውነት ነው፤ ይጨመር። ከኢትዮ-ስዊድን የሕንጻ ኮሌጅ ዘመን ጀምሮ፣ ማለት እ.ኤ.አ. ከ1954 ወዲህ፣ አገራችን የሕንጻና የከተማ ባለሙያ ስታሠለጥን ኖራለች። የሠለጠነው ግን በአነስተኛ ከተማ ደመወዝ አይቆይም፤ ኮንትራክተር ዘንድ ወይም አዲስ አበባ ይገባል። ቢቆይ እንኳ፣ ቅደም ተከተል በሌለበት ቢሮ የሚቀጠረው አራተኛ ሰው ወደዚያው ክምር የሚወረወር አራተኛ አካፋ ነው። የሥራ ተራ ሠራተኛ እስኪጨመር የሚቆይ ነገር አይደለም፤ ሠራተኛ በማነሱ ምክንያት የሚያስፈልግ ነገር ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ የሕዝቡ ነው፤ «ፈቃድ ጠያቂው ይጉላላ ነውን?» ይላል። አይደለም። አነስተኛ የመኖሪያ ቤት የሚሠራ ሰው የፕላን ኃላፊውን ጊዜ መያዝ የለበትም። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንጻ አዋጅ ሕንጻዎችን በሦስት ምድብ ሲከፍል ቀላሉን ከከባዱ የለየው ለዚህ ዓይነት ምክንያት ነው። ማዘጋጃ ቤቱ አስቀድሞ የጸደቁ ጥቂት የቤት ንድፎች ቢያዘጋጅ፣ ከእነዚያ አንዱን የመረጠ ሰው በአንድ ጸሐፊ እጅ ማኅተሙን አስመትቶ ይሄዳል። የቀሩት ባለጉዳዮች ደግሞ በሳምንት ሁለት የታወቁ ቀኖች ይስተናገዱ። ዛሬ የምናየው መጉላላት የሚመጣው ባለጉዳዩ በየቀኑ መጥቶ በየቀኑ «ነገ ና» ስለሚባል ነው። ቀኑ የታወቀ ቢሆን ሰውም ሥራውን ይሠራል፤ ቀያሹም ፈፋው ድረስ ይሄዳል።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉ የሚከብደው ነው። «ትእዛዝ ከላይ ከመጣ አንድ ምስኪን የፕላን ኃላፊ ምን ያደርጋል?» ይባላል። እኔም ያየሁት ኃላፊ ፈሪ አልነበረም፤ የሚከላከልበት ጋሻ አልነበረውም እንጂ። ጋሻው ዝርዝሩ ነው። በዓመቱ መጀመሪያ የፕላን ክፍሉ ያለውን ሰው ቆጥሮ፣ የሥራ ቀኑን አስልቶ፣ ሊሠራ የሚችለውን ብቻ በተራ ይጻፍ። ከዝርዝሩ ግርጌ መስመር ይሰመርና ከመስመሩ በታች «በዚህ ዓመት የማንሠራው» ተብሎ የቀረው ይጻፍ። ምክር ቤቱ ያጽድቀው፤ በበሩ ላይም ይለጠፍ። ከዚያ በኋላ አዲስ ትእዛዝ ሲመጣ ኃላፊው እምቢ ማለት አይኖርበትም። በትሕትና «እሺ ጌታዬ፤ ከተለጠፈው ውስጥ የትኛው ይውጣ?» ብሎ መጠየቅ ብቻ ይበቃዋል። «የፈፋው ይውጣ» ብሎ በስሙ የሚፈርም ሹም ካለ ይፈርም፤ ሕዝቡም ፊርማውን ያንብብ።

«የማንሠራውን ብንጽፍ ሕዝብ ያዝንብናል» የሚሉ ይኖራሉ። ሕዝብ የሚያዝነው ግን እውነት ሲነገረው ሳይሆን ሲታለል ነው። ሁሉን እንሠራለን ብሎ ምንም ከማይሠራ መሥሪያ ቤት ይልቅ፣ «ይህን በዚህ ዓመት አንችልም፤ ይህን ግን እስከ ግንቦት እንጨርሳለን» የሚል መሥሪያ ቤት ይከበራል። ከዚህም በላይ ያልተለጠፈ ተራ ለጉቦ በር ይከፍታል። የማን ፋይል ከማን እንደሚቀድም ማንም በማያውቅበት ቦታ፣ ቀዳሚው ሁልጊዜ እጁ የረዘመው ነው። የጨረቃ ቤት የሚበዛውም የመሬት ደላላው ከማዘጋጃ ቤቱ ይልቅ ፈጣንና ግልጽ መልስ ስለሚሰጥ ነው። ደላላው ዋጋውን ይናገራል፤ ቦታውን ያሳያል፤ በዕለቱም ያስረክባል። እኛ ደግሞ አንዲት እናት «ውሃ ይወጣል ወይስ አይወጣም?» ብለው ለጠየቁት ጥያቄ እንኳ በሁለት ወር ውስጥ መልስ አልሰጠንም።

አሁን ወደ ራሳችን ልምጣ። እኛ ተማሪዎች ስለ አገር ጉዳይ ስንነጋገር ብዙ ጊዜ በትልልቁ ነገር እንጀምራለን፤ ፈፋና ችካል የሚለው ቃል በስብሰባችን ውስጥ አይሰማም። ነገር ግን ለድኻው የሕይወትና የሞት ጉዳይ የሆነው ይህ ነው። ከእኛ በፊት የነበሩት ተማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1964 በተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት አማካይነት አንድ ዓመት በየክፍለ ሀገሩ ሄደው አገልግለዋል። እኛስ በክረምቱ አንድ ወር መስጠት ያቅተናልን? የጂኦግራፊና የምሕንድስና ተማሪ ከቀያሹ ጋር ሆኖ የፈፋ ዳርቻ ሊለካ፣ የሽማግሌዎችን ቃል ሊመዘግብ፣ ችካል ሊሸከም ይችላል። የሕግ ተማሪ ማስታወቂያውን ሰው በሚገባው ቋንቋ ሊጽፍ፣ ባለይዞታው ምን መብት እንዳለው ሊያስረዳ ይችላል። የሠራተኛውን ቦታ እንውሰድ አላልኩም፤ ኃላፊነቱ የእነሱ ነው። እኛ የምንጨምረው እግርና ዐይን ነው።

ስለዚህ ለተማሪዎች ማኅበራችን ሥራ አስፈጻሚ ሁለት ሐሳብ አቀርባለሁ። አንደኛ፣ ማኅበሩ ይህ ዩኒቨርሲቲ ላለበት ከተማ ማዘጋጃ ቤት በጽሑፍ አንድ ጥያቄ ብቻ ያቅርብ፤ «የፕላን ክፍላችሁ በዚህ ዓመት የሚሠራውና የማይሠራው ምንድን ነው?» መልሱ ከመጣ በዚሁ ጋዜጣ ይታተም፤ ካልመጣም አለመምጣቱ ይታተም። ሁለተኛ፣ ከሚመጣው ሰኔ በፊት በክረምቱ ከከተማው ቀያሽ ጋር በወንዙ ዳር የሚሠሩ ፈቃደኞች ይመዝገቡ። የመጀመሪያው ስም የእኔ ይሁን።

እኔም ክረምት ሳይገባ ወደዚያ ከተማ ተመልሼ ለእማማ ያልሰጠነውን መልስ ልሰጣቸው አስቤአለሁ። ከቀያሹ ጋር ፈፋውን ወርደን ለክተን፣ «እናቴ፣ ውሃው እስከዚህ ይወጣል» ልላቸው ነው። ቤታቸው ግን ተሠርቷል። መልሱ በሐምሌ ቢደርስ ኖሮ አንድ ችካል ይበቃው ነበር፤ አሁን ግን ሌላ ቦታ፣ ሌላ ቆርቆሮ፣ ሌላ ማገር ያስፈልገዋል። ይህንንም ለመክፈል የተዘጋጀ መኖሩን ከማዘጋጃ ቤቱ ዝርዝር ላይ እንፈልግ።